«የአልበርት ሆል ትኬት አለኝ» ከሚል የአገር ልጅ ተጠንቀቁ

ይሄን የምጽፈው እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አድሬ ነው። ትናንት ማታ አባቴን ይዤ ለንደን ሮያል አልበርት ሆል የሚባለው የኮንሰርት አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሳንገባ ተመለስን። 240 ፓውንድ ተበልቻለሁ። ገንዘቡ ያናድዳል። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ይሄን ዓይነት ሻጭ እናውቀዋለን። የአገር ልጆች ግሩፕ ውስጥ ሁልጊዜ አለ። ኮንሰርት ሲቃረብ፣ ትኬት ሲያልቅ ብቅ ይላል። «ወገኖቼ፣ ድንገት ሥራ ገባብኝ፣ ሁለት ትኬት አለኝ፣ ትርፍ አልፈልግም» ይላል። ከሥሩ ሁለት ሦስት ሰው «ተባረክ ወንድሜ፣ ደርሶኛል» ብሎ ይጽፋል። እኔም እነዚያን አንብቤ ነው የደወልኩት።

አባቴ ሊጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ወጣት ሳለ ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። «ለንደን ላይ ምን ላሳይህ?» ስለው ቤተ መንግሥቱንም ድልድዩንም አላለም። «ያንን ክቡን አዳራሽ» አለኝ። የልምምድ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ፎቶው ተለጥፎ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልረሳውም። ውስጡ ያለው ኦርጋን 9,999 ቧንቧ እንዳለው ስነግረው ፈገግ ብሎ «አንዱን ለምን አልጨመሩበትም?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ሁሉ ኮንሰርቱ ሆነ። ትልቅ ኦርኬስትራ ነው የሚጫወተው። ትኬቱ ደግሞ ካለቀ ቆይቷል።

ሰውየው ስደውልለት ድምፁ ረጋ ያለ ነው። «እህቴ» እያለ ነው የሚያወራኝ። ትኬቱን ከየት እንዳገኘው ጠየቅኩት። «ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት እንግሊዛዊት አዛውንት አሉ» አለኝ። «አዳራሹ ውስጥ የራሳቸው ወንበር አላቸው፤ ከአያታቸው የወረሱት ነው። አሁን ስለደከሙ ትኬቱን ለእኔ ይሰጡኛል።»

የሰው ወንበር በአዳራሽ ውስጥ? አላመንኩም። ስልኩን ዘጋሁና ማጣራት ጀመርኩ። እውነት ሆኖ አገኘሁት። አዳራሹ ሲሠራ ለግንባታው ገንዘብ ለማግኘት ወንበሮቹን አስቀድመው ለግለሰቦች ሸጠዋል። አንዱ ወንበር 100 ፓውንድ፣ መብቱ ደግሞ ለ999 ዓመት። አዳራሹ ከተከፈተበት በፈረንጆች ከ1871 ጀምሮ እየተወረሰና እየተሸጠ እዚህ ደርሷል። ከ5,200 በላይ ቦታ ውስጥ ከ1,200 የሚበልጠው ዛሬም የግለሰቦች ነው። ባለቤቶቹም የማይሄዱበትን ቀን ትኬት ለሌላ ይሸጣሉ።

እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት። ያነበብኩት ሁሉ ትክክል ስለነበር ሰውየውም ትክክል መሰለኝ። ስለ አዳራሹ ግማሽ ሌሊት አጣርቻለሁ። ስለ እሱ ግን ምንም አላጣራሁም። አዛውንቷን አላየሁ፣ የተገዛበትን ደረሰኝ አልጠየቅኩ፣ ሙሉ ስሙን እንኳን አላውቅም። አማርኛ ስለተናገረና «እህቴ» ስላለኝ ብቻ አመንኩት።

ይባስ ብሎ ባንኩ ራሱ አስጠንቅቆኝ ነበር። ብሩን ላስተላልፍ ስል አፑ «ያስገቡት ስም ከአካውንቱ ባለቤት ጋር አይመሳሰልም» አለኝ። ደወልኩለት። «የባለቤቴ አካውንት ነው፣ የኔ ተዘግቶብኝ ነው» አለ። እኔም ቀጥል የሚለውን ተጫንኩት። ይሄን ስጽፍ እንኳን እጄ ይንቀጠቀጣል። የሚያድነኝ ማስጠንቀቂያ ዓይኔ ሥር ነበር፤ እኔ ነኝ በጣቴ የገፋሁት።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፒዲኤፉ መጣ። ባርኮድ አለው፣ የወንበር ቁጥር አለው፣ የበር ቁጥር አለው። ለአባቴ በወረቀት አትሜ ሰጠሁት። አጥፎ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ትናንት አባቴ ሱፉን ለበሰ። ክራቫቱን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረ። ከሳውዝ ኬንሲንግተን ጣቢያ በእግር ነው የሄድነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አረፍን። ከላይ ስንደርስ ዝም ብሎ ቆመ። ሕንጻውን የከበበውን የሞዛይክ ሥዕል አንጋጦ እያየ «ፎቶው ላይ ይሄ አይታይም ነበር» አለኝ። ጣሪያው ላይ ስለተንጠለጠሉት እንጉዳይ መሳይ ነገሮች ነገርኩት። ድሮ አዳራሹ በጣም ያስተጋባ ስለነበር ድምፁን ለማስተካከል በ1969 የሰቀሏቸው ናቸው። «ከየትኛው ወንበር ጥሩ እንደሚሰማ ገብተን እናያለን» አለ።

በሩ ጋ ደረስን። ወረቀቱን አባቴ ራሱ ነው ከኪሱ አውጥቶ የሰጣት። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ባርኮዱን አነበበችው። ማሽኑ ቀይ አበራ። ደገመችው፣ አሁንም ቀይ። ወደ ጎን ጠራችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «በዚህ ትኬት ከ20 ደቂቃ በፊት ሰው ገብቷል» አለችኝ። የሁለተኛውም እንደዚያው። እሷ ምንም አላጠፋችም። የመጨረሻውን ሰዓት ትኬት እንኳን ጠይቃልኝ ነበር፤ የለም ተባለች።

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። ጫጫታ ስለነበር ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። ምነው ባላደረግኩት።

«ሃሎ እህቴ፣ ገባችሁ?»

«በትኬቱ ሌላ ሰው ገብቷል ይሉኛል።»

ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደነገጠም። ከኋላው ቴሌቪዥን ይሰማል። «ስንት ሰዓት ደረሳችሁ?» አለኝ።

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

«እንግዲህ ዘግይታችኋል። ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ ትገቢ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሲገባኝ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። አንዱን ትኬት ለብዙ ሰው ሸጦታል። በሩ ላይ የቀደመ ይገባል፣ የቀረው ይመለሳል። ይሄን ደግሞ ሳይደብቅ፣ የኔ ጥፋት አድርጎ ነው የነገረኝ።

«ለስንት ሰው ነው የሸጥከው?» አልኩት። ዝም አለ። «አባቴ አጠገቤ ቆሟል፣ 76 ዓመቱ ነው፣ እባክህ ገንዘቤን መልስልኝ» አልኩት።

«ታዲያ ሽማግሌ ይዘሽ በማታ ምን ያዞርሻል?»

ዘጋው። ወዲያው ፎቶው ከዋትሳፑ ጠፋ። ብሎክ አድርጎኛል።

አባቴ ሰምቷል። ምንም አላለም። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና እንደ መጀመሪያው አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ «ነይ፣ ዙሪያውን እንየው» አለኝ። ብረቱን ተደግፎ ሕንጻውን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞረው። እኔ ከኋላው እያለቀስኩ ተከተልኩት። አውቶቡስ ላይ «ውጪውን አይቻለሁ፣ በቂ ነው» አለ። በቂ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ማታውኑ ባንኬ ጋ ደወልኩ። የስም ማስጠንቀቂያውን አይቼው እንደነበር ጠየቁኝ። አይቼዋለሁ አልኩ። ጉዳዩን እያዩት ነው። እናንተም ከደረሰባችሁ አትፈሩ፣ በዚያው ቀን ደውሉ። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በዩኬ ውስጥ ተታሎ በባንክ ገንዘብ ላስተላለፈ ሰው ባንኮች እንዲመልሱ ይገደዳሉ፤ እስከ 100 ፓውንድ ሊቀንሱ ቢችሉም። በከባድ ቸልተኝነት ካልከሰሷችሁ ነው እሱም። ትኬት ከአዳራሹ ራሱ ግዙ። የተመለሰ ትኬት አንዳንዴ እዚያው ይገኛል። ከሌላ የምትገዙ ከሆነ በባንክ አታስተላልፉ፣ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። አንዱ ትኬት ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ የ1974ቱ የብድር ሕግ ካርድ ሰጪውንም ተጠያቂ ሊያደርግ ይችላል። ካርድ አልቀበልም ካለ ተዉት።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ጓደኛዬ ከሌላ ግሩፕ ያገኘችውን ላከችልኝ። ስሙ ሌላ ነው፣ ፎቶው ሌላ ነው። ለሚቀጥለው ወር ኮንሰርት ሁለት ትኬት አለው። አንዲት የሚንከባከባቸው አዛውንት አሉት።