የ1990ዎቹ የግራንጅ ዓይን፦ በኩል እርሳስ ወይስ በአይሻዶ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ሮክ ሙዚቃ ጋር የገነነው የግራንጅ መልክ ያደረ ኩል ይመስላል፤ ጥርት ያለ መስመር ያበላሸዋል። ለዚህ እርሳስ ይሻላል። ለስላሳ ጥቁር ወይም ቡናማ እርሳስ ከላይም ከታችም ሽፋሽፍት ሥር አስጠግታችሁ አስምሩና ሳይደርቅ በጣት አደብዝዙት። ውኃ የማያስለቅቀው ዓይነት ቶሎ ስለሚደርቅ አንዱን ዓይን ሳትጨርሱ ሌላውን አትጀምሩ። ችግሩ ቅባቱ ነው፦ ወዛም የዓይን ቆብ ላይ ቆይቶ እጥፋቱ ውስጥ ይሰበሰባል።

አይሻዶ፣ ማለትም የዓይን ቆብ ላይ የሚቀባው የዱቄት ቀለም፣ ወዝን የተሻለ ይቋቋማል፤ ግን ዱቄቱ ጉንጭ ላይ ይራገፋል፣ ስለዚህ ፋውንዴሽኑን (የፊት ቆዳን አንድ ዓይነት የሚያስመስለውን ቅባት) ከዓይን በኋላ ተቀቡ። ጥቁሩ ብቻውን ሲሆን ደግሞ በጠይም ቆዳ ላይ አመድማ ይሆናል።

እርሳሱ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ቡናማ አይሻዶ በትንሽ ብሩሽ መታ መታ አድርጉበት፤ ቅባቱን ይይዘዋል።