ተለጣፊ የቸርኬ እርሳስ፦ ክረምቱን ጅማ ላይ ካሳለፈ በኋላ

የሞተሬ የፊት ቸርኬ ባለ 17 ኢንች አሉሚኒየም ነው። ክረምት ሳይገባ የሚዛን እርሳሶቹ፣ ማለትም ጎማው ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ክብደቶች፣ ወልቀው ጠፉ፤ የቀረው ሙጫው የነበረበት ምልክት ብቻ ነበር። ጎሚስታው አይቶ «ወንድሜ፣ ይሄ ለመኪና ነው እንጂ ለሞተር ምን ያደርጋል? ንፋስህን ሙላና ንዳ» አለኝ።

ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ልክ ብሏል። ጅማ ውስጥ ከመርካቶ እስከ አጂፕ ከባጃጅ ኋላ እየተጎተቱ 40 ማለፍም ጭንቅ ነው፤ ኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ ሌላው ንዝረት ሁሉንም ይውጠዋል። ነገሩ የሚለየው ወደ አጋሮ ሲወጣ ነው። አስፋልቱ ላይ 70 ሲሞላ መሪው እጅ ያደነዝዛል፣ ከ55 በታች ሲወርድ ይተዋል።

20 ግራም እርሳስ ቢጎድል ምን ያህል ነው የሚል ሰው ሒሳቡን ቢያየው ይገርመዋል። አንድ ወገን የከበደ ጎማ ሲዞር የሚጎትትበት ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በእኔ ጎማ ልክ ሳሰላው፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚበልጠው ጉተታ በ80 ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይደርሳል፤ እሱም በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እየተገላበጠ።

የገዛሁት ከብረት የተሠራውን፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ቁራጮች የተደረደሩበትን ተለጣፊ ነው። የድሮው ምልክት ላይ መልሶ መለጠፍ ግን አያዋጣም። ሚዛኑ የቸርኬውና የጎማው ድምር ስለሆነ፣ ጎማው ከተቀየረ ወይም ቸርኬው ላይ ትንሽ ከዞረ የድሮው ቦታ ትርጉም የለውም። ጎማውን አውልቄ ፐርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ቁመታቸው እኩል በሆኑ ሁለት ወንበሮች ላይ አሳረፍኩት። ከባዱ ወገን ራሱ ወደ ታች ይመጣል፤ በተቃራኒው በኩል ቁራጮቹን በፕላስተር እያሰሩ፣ የትም ቢያቆሙት ባለበት እስኪቀር መጨመር ነው። የኩሽኔታው የላስቲክ ክዳን ዙሩን ስለሚይዝ የ5 ግራም ልዩነት አንዳንዴ ይደበቃል፤ ለሞተር ግድ የለም። ከዚያ ቸርኬውን በቤንዚን ጠርጎ፣ በደንብ አድርቆ መለጠፍ። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ሙጫ አይቆይም።

የአጋሮ መንገድ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ታየ፤ 80 ላይ መሪው ዝም አለ። ከዚያ ክረምቱ መጣ። ሙጫው ዝናቡን ችሏል፣ ጭቃውንም ችሏል። ያልቻለው የላቫጆውን የግፊት ውኃ ነው፤ አንዲት ባለ 5 ግራም ከጠርዟ ተላጠችና ሄደች፣ ስነዳ ግን አልታወቀኝም። ቀለማቸው የተጫረው ቁራጮች ዝገዋል። ከብረቱ ይልቅ ከእውነተኛ እርሳስ የተሠራው ቢገኝ ለቸርኬው ጥምዝ የተሻለ ይታጠፋል፣ አይዝግም።

ነሐሴ ውስጥ ንዝረቱ ድንገት ተመለሰ። የቀሩት ቁራጮች ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው። ጥፋቱ የቀዩ ጭቃ ነበር፦ ከፒስታ ተመልሶ እርጥቡን ሲቆም ጭቃው ቸርኬው ውስጥ ወደ ታች ተንሸራቶ፣ ሌሊቱን አንድ ቦታ ላይ ይደርቃል። ክብደቱ ከጠፋው እርሳስ ሁሉ ይበልጣል። በባልዲና በብሩሽ ሲታጠብ ሞተሯ ተረጋጋች። ጅማ ላይ ለሚነዳ፣ እርሳስ ከመግዛቱ በፊት ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ማየት ይቀድማል።

በ20ና በ30 ፍጥነትም መሪው የሚወዛወዝ ከሆነ ችግሩ የእርሳስ አይደለም። ጉድጓድ ያጣመመው ቸርኬ፣ በደንብ ያልተቀመጠ ጎማ ወይም ያለቀ ኩሽኔታ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቶ፣ የሾኩ እግር ላይ እንጨት አስጠግቶ ማዞር ነው፤ ቸርኬው እንጨቱን እየቀረበ እየራቀ ከሄደ ጠሟል ማለት ነው። ይሄ ጊዜ አይሰጥም።

የኋላውን አልነካሁትም፣ የእሱም አንድ እርሳስ የለም። የኋላ ንዝረት መሪ ላይ እምብዛም አይደርስም፣ ሰንሰለቱና ጭነቱም ይሸፍኑታል። ጎማው አልቆ ሲቀየር ያኔ ሚዛኑ አብሮ ይስተካከላል። ለፊቱ ግን አጋሮ ወይም ሰርቦ ለሚመላለስ ሰው እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ከጅሬን ቁልቁለት በላይ ለማይርቅ ገንዘቡን ለፍሬን ሸራ ቢያውለው ይሻላል።