በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ማንም ወዶ አይገዛም፤ ማደያው ሲደርቅ ወይም ሰልፉ ሲረዝም ነው። ዋጋው ከማደያው መብለጡ የታወቀ ነው። የበለጠ የሚያከስረው ግን ጥራቱ ስለሆነ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል ወይም የውሃ ፓምፕ ያለው ሰው ሳይፈትሽ ባይቀዳ ይሻለዋል።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው ሥሩን ይዩ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድና ስለማይዋሃደው ከታች ለብቻው ይተኛል። በጀሪካን ከሆነ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው ያስረጉት፤ የመጨረሻዋን አንድ ብርጭቆ አይገልብጡ።

ላምባ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበትን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ ጣል ያድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፤ ቅባት የመሰለ ክብ ከቀረ ይተዉት። በደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ ትነቱን ስለሚያዘገየው ወረቀቱን ፀሐይ ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

ላምባ የገባበት ሞተር በብርድ ቾክ ተስቦም እምቢ ይላል። ከተነሣም በኋላ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) ያጠቁራል፣ ሲሊንደሩን ከዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርድና የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። ኦክቴኑ (ሳያንኳኳ የመቃጠል አቅሙ) ዝቅ ያለ ስለሆነም ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ባለው አቀበት፣ ጭነት ሲጨመር፣ ሞተሩ ያንኳኳል። በዚያ ሁኔታ ብዙ ከተነዳ ፒስቶን ይበላል።

ደብረ ብርሃን ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣ ሁሉ ግን ላምባ ጠጥቷል ማለት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። 1,300 ሜትር አካባቢ ባለችው ሸዋ ሮቢት የተስተካከለ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ሲመጣ ለአየሩ ነዳጅ ያበዛል። መፍትሔው አነስ ያለ ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) እና የሚኒሞ (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ማስተካከያ እንጂ ሻጩን መርገም አይደለም።

ሮቢት ላይ ሽንኩርት በፓምፕ ለሚያጠጡ ትልቁ ችግር የከረመ ቤንዚን ነው። ክረምቱን ካርቡሬተሩ ውስጥ ከተቀመጠ ወደ ሙጫነት ተለውጦ ጄቱን ይደፍናል። ፓምፑን ከማስቀመጥዎ በፊት የነዳጁን ቧንቧ ዝጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ብሎን ፈትተው የቀረውን ያፍስሱ።

ማደያ ሲገኝ ምርጫው እሱ ነው፤ ቦቴ እያራገፈ ከሆነ ግን ከጋኑ ሥር ያለው ዝቃጭ ስለሚናወጥ ቆየት ብሎ መቅዳት ይሻላል። ቤት የሚያስቀምጡ ከሆነ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከ19 በላይ አይሙሉት። ቤንዚን በየ10 ዲግሪው 1 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሮቢት ሙቀት ሲወርድ ግማሽ ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ የቡና ከሰል ካለበት እሳት ያመጣል፤ ቦታው ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር ነው።