ቢዋይዲ ወይስ ቶዮታ? ለጅማ ሰው የትኛው ይሻላል

ጅማ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ልዩነቱ የሚጀምረው ግን ከፋብሪካው ነው።

አካሄድ፦ የቻይናው ቢዋይዲ በ1995 እ.ኤ.አ. በባትሪ አምራችነት ተነሳ። በቤንዚን ብቻ የሚሄድ መኪና መሥራቱን በ2022 አቆመ፤ ባትሪውን ራሱ ስለሚሠራ ዋጋ ለመቀነስ አይቸገርም። ቶዮታ በ1997 እ.ኤ.አ. ፕሪየስን ካወጣ ወዲህ ሃይብሪድን (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሄድ መኪናን) ዋና መንገዱ አደረገ፤ ኤሌክትሪክም ይሠራል፣ ግን በእሱ ብቻ አልተወሰነም።

ወጪ፦ የቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ እኛ ጋ ቶዮታ ማለት ባብዛኛው አገር ውስጥ የቆየ፣ ያገለገለ መኪና ነው። በዚያ ላይ የነዳጅ ሰልፍ አለ። ኤሌክትሪኩ ቢዋይዲ ግን የሞተር ዘይት መቀየር አያውቅም፣ ማታ ቤት ሰክተኸው ታድራለህ። መብራት ከጠፋ ግን ቆመህ ነው የምትጠብቀው።

ጥገና፦ ቶዮታን የማይፈታ መካኒክ የለም። የባትሪ ባለሙያ ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

መንገድ፦ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ የኤሌክትሪኩ ሞተር ኃይል ስለሚያመነጭ የጊቤ ቁልቁለት ባትሪውን ትንሽ ይሞላዋል፣ ዳገቱ ደግሞ መልሶ ይበላዋል፤ ስለዚህ ቻርጅ የምታደርግበትን ቦታ ሳታጣራ አትውጣ።

ጭስ፦ እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ኤሌክትሪኩ ይሻላል። መብራታችን ባብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው፣ ግልገል ጊቤም ጎረቤታችን ነው።

ጅማ ከተማ ውስጥ ከሄርማታ ኮቺ የምትመላለስና ግቢህ ቆጣሪ ያለህ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ውሰድ። ቡና ፍለጋ አጋሮና ቦንጋ ገጠር የምትገባ ከሆነ ግን ለጊዜው ቶዮታው ይሻልሃል።