የመጅሊስ ልብስ በፎቶ ብቻ አይታችሁ ቀብድ እንዳትልኩ!

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ከቴሌግራም የዓረቢያን መጅሊስ (ወለል ላይ የሚነጠፍ መቀመጫ) ልብስ የምታዙ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ደሴ ፒያሳ ነኝ የሚል አንድ ሻጭ አለ። ሙሉ ልብስ ከነመከዳው ይለጥፋል። ደማቅ የወይን ጠጅ ቀይ፣ ወርቃማ ጥልፍ፣ ጀርባው ድፍን ነጭ። ግማሹን በቴሌብር ከፈልኩ፣ ቀሪውን ዕቃው ሚኒባስ ላይ ሲጫን። ኮምቦልቻ ደርሶ ስፈታው ቀዩ ነጥቷል፣ ወርቃማ የተባለውም ተራ ቢጫ ክር ነው። የመከዳውን ስፌት ገልበጥ አድርጌ ሳየው ግን ውስጡ ያ የፎቶው ቀለም አለ! ከውጭ ያለውን ፀሐይ በልቶታል። መስኮት ላይ ተሰቅሎ የከረመ ዕቃ ነው የሸጠልኝ።

ስደውል «አብሽሪ እህቴ፣ የካሜራ ነገር ነው» አለኝ። ከዚያ ብሎክ።

የካሜራ ነገር አይደለም። ፎቶ ማስተካከያ አፖች ላይ ሌቭልስ የሚባል አለ። ብርሃንን ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ። የነጩን መጎተቻ ወደ ግራ ሳብ ሲያደርጉት ፈዛዛው ሁሉ 255 ገብቶ ቁጭ ይላል። አቧራው፣ እድፉ፣ የክሩ ሽመና ሳይቀር አብሮ ይጠፋል። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ሲጨምሩበት ደግሞ የነጣው ቀይ ይደምቃል።

ፎቶ ማስተካከል በራሱ ነውር የለውም። በአምፖል ብርሃን የተነሳ ነጭ ነጠላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ እሱን ወደ ነጭ መመለስ ደግ ሥራ ነው። ይሄኛው ግን የሌለውን ቀለም መቀባት ነው።

ምን ላይ ትነቃላችሁ? የዕቃው ጠርዝ በነጩ ጀርባ ተበልቶ ከሆነ፣ ፎቶው ውስጥ የገባ እጅ ብርቱካን ከመሰለ ጠርጥሩ። ያው አንድ እጥፋት፣ ያው አንድ ጭምድድ በአምስት ቀለም ከተለጠፈ ደግሞ ቢያንስ አራቱ ኮምፒውተር ላይ የተቀቡ ናቸው ማለት ነው።

«ደጅ አውጣና አጠገቡ ባለ 200 ብር ኖት አድርገህ በቪዲዮ ላክልኝ» በሉት። የኖቱን ሐምራዊ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሱ ከተቀየረ ጨርቁም ተቀይሯል። ስታዩ የራሳችሁን ስልክ የማታ ሞድ አጥፉ፣ ሁሉን ቢጫ ያደርጋል። «አሁን ሱቅ አይደለሁም» እያለ የሚያመላልሳችሁን እለፉት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ግን ደረሰኝ ሳይኖር፣ ሻጩም ብሎክ አድርጎ ከጠፋ ማንን ይዛችሁ ትከሳላችሁ? ስለዚህ ፎቶውንና የተጻጻፋችሁትን ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አድርጉ፣ ደረሰኝም ጠይቁ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ደሴ ሩቅ አይደለችም። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ፣ ጨርቁን በር ላይ አስወጥታችሁ እዩት። ሱቅ የለኝም ካላችሁ ሰባራ ሳንቲም አትላኩ።