ቢጫው ተለጣፊ ወጥመድ ለቀይ ሸረሪት ይሆናል?

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከውሽውሽ ብዙም ሳይርቅ፣ ግማሽ ሄክታር የሻይ ማሳ አለኝ። ባለፈው ታኅሣሥ ጅማ ከሚገኝ የግብርና ዕቃ ሱቅ አሥር ቢጫ ተለጣፊ ወጥመዶች የያዘ እሽግ ገዛሁ። ሻጩ «ቀይ ሸረሪትን ገና ሲጀምር ይይዝልሃል» ብሎኝ ነበር። ቀይ ሸረሪት የሻይ ቅጠልን የሚመጥ፣ በባዶ ዓይን ለመለየት የሚያዳግት ጥቃቅን ተባይ ነው።

ሙጫው በእውነት ጥሩ ነው። አንድ ወር ፀሐይ መትቶት እንኳ ጣት ይይዛል። ካርዶቹን ከሻዩ አናት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ በቀርከሃ ላይ ሰቀልኳቸው። በሳምንቱ ነጭ ዝንብ፣ ክንፍ ያወጣ ክሽክሽና ትሪፕስ የሚባሉት ቀጫጭን ጥቃቅን ነፍሳት በብዛት ተለጥፎባቸው አገኘሁ። ቀይ ሸረሪት ግን አንድም አልነበረም።

በዚያው ሳምንት የጥላ ዛፍ የሌላቸውና የመኪና አቧራ የሚለብሱት የመንገድ ዳር ሦስት ረድፎች ዝገት መስለው ነበር። አንድ የጠነከረ ቅጠል ቀጠፍኩና አሥር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ መነጽር አየሁት። በላይኛው ገጽ፣ በመሐሉ ጅማት ግራና ቀኝ፣ ክብ ቀያይ እንቁላሎች ተደርድረዋል፤ ሸረሪቶቹ የገፈፉት ቆዳ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በመካከሉ ቀያይ ነጥቦች ይርመሰመሳሉ። በጣቴ ስደፈጥጣቸው ቅጠሉ ላይ ቀይ መስመር ቀረ።

ቢጫ ቀለም የሚስበው የሚበሩትን ነው፤ ቀይ ሸረሪት ደግሞ ክንፍ የለውም። ከተክል ወደ ተክል የሚሻገረው በእግሩ፣ በድሩ ተንጠልጥሎ በነፋስ፣ አለዚያም በለቃሚ ልብስ ላይ ነው። ነፋስ ጥቂቱን ካርዱ ላይ ሊጥለው ይችላል፤ ያንን መጠበቅ ግን ማሳን ማስበላት ነው። እኔን ያንገበገበኝ፣ ከዚያው ሱቅ የገዛው ጎረቤቴ «ካርዱ ላይ የለም» ብሎ ቅጠል መመርመሩን መተዉ ነው። የእሱ ማሳ ከእኔው የባሰ ተጎዳ።

ለነጭ ዝንብና ለትሪፕስ ክትትል ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ሸረሪቱን የሚበሉልንን ጥቃቅን ጥቁር ጥንዚዛዎችም ስለሚያጣብቅ ነው። ለቀይ ሸረሪት ብሎ ግን ማንም ገንዘቡን አያውጣበት፤ መነጽሩን ይግዛ። እኔ ከኅዳር ጀምሮ ዝናብ እስኪገባ ድረስ በየሳምንቱ ከየረድፉ አምስት አምስት የጠነከሩ ቅጠሎች እመረምራለሁ፤ የምጀምረውም ከመንገድ ዳሩ ነው።