ታብሌት ላይ የሚነበቡ የአማርኛ መጽሐፎች፦ ከአንድ ወሰነ ትምህርት በኋላ

2ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መብራት የለውም። ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች አሉ። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ሁለት ታብሌትና የራሴን ስልክ ይዤ፣ በደረጃ የተከፋፈሉ የአማርኛ ተረቶችን ሳስነብብ ከረምኩ። "እውነት ይጠቅማል?" ብለው የጠየቁኝ መምህራን ስለበዙ ያየሁትን ልጻፈው።

መጽሐፎቹን ያገኘሁት ከሦስት ድረ ገጽ ነው፦ ከግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ፣ ከህንዱ ስቶሪዊቨር እና ከደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክ። ሦስቱም በነጻ ናቸው፣ ፈቃዳቸውም ክፍት ነው፤ ማውረድም፣ አትሞ ማባዛትም ይቻላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን ዋይፋይ አግኝቼ አንዴ ካወረድኳቸው በኋላ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለኝም። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ በፊት የሞከርኩት አንድ አፕ ኢንተርኔት ካላገኘ አይከፈትም ነበር። ሲከፈትም መጨረሻ ላይ ጥያቄ ያመጣና ልጁ ስዕሉን አይቶ ሲነካካ ኮከብ ይሰጠዋል። አንድም ቃል ያላነበበ ልጅ ሦስት ኮከብ አግኝቶ ሲጨፍር አየሁና አጠፋሁት።

ወደ ደረጃው ልምጣ፣ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ስለሆነ። ስቶሪዊቨር ላይ ከ1 እስከ 4 ነው። ደረጃ 1 እስከ 250 ቃል ነው፣ ቃላቱም ቀላልና የሚደጋገሙ ናቸው፤ ከዚያ እየረዘመ ይሄዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አማርኛ ላይ ግን የቃል ብዛት ብቻውን ብዙ አይነግርም። "ውሻ" አንድ ቃል ነው። "አልተመለሰችም"ም አንድ ቃል ነው፣ ግን ስምንት ፊደል አለው። ደረጃ 1 የተባለ አንድ መጽሐፍ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ "እየተንከባለለች" የሚል ቃል ይዞ መጣና ግማሹ ክፍል እዚያው ቆመ። ተረቶቹ ብዙዎቹ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ ናቸው፤ በመጀመሪያው ቋንቋ አጭርና ቀላል የነበረው ዓረፍተ ነገር አማርኛ ሲሆን ቃሉ ቢያንስም ፊደሉ ይበዛል። ስለዚህ ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ 60 የሚሆኑትን እንደገና ደለደልኳቸው። ቃላቸው አጫጭር የሆኑትን ወደ ፊት አመጣሁ። እንደ ቋ፣ ጓ፣ ሟ ያሉ ዲቃላ ፊደሎች የሚበዙባቸውን ወደ ኋላ ገፋሁ። ይሄን ሥራ ሳትሠሩ ታብሌቱን ለልጆች አትስጡ እላለሁ።

ከዚያ ማዳመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተደረገው የንባብ ጥናት፣ 2ኛ ክፍል ከነበሩት ልጆች 34 በመቶው አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ያኔ ልጁን ለአንድ ደቂቃ አስነብበው በትክክል ያነበበውን ቃል ይቆጥሩ ነበር። እኔም ደቂቃዋን ወሰድኳት። በአንድ ቀን ስምንት ልጅ አዳምጣለሁ፣ በሰባት ቀን 54ቱም ይደርሳቸዋል። ሌሎቹ በዚያ ሰዓት አራት አራት ሆነው በታብሌቱና በፎቶ ኮፒው ያነባሉ፣ ወይም ይጽፋሉ። ደብተሬ ላይ የምይዘው ነገር ትንሽ ነው፦ ስም፣ መጽሐፍ፣ የተሰናከለበት ፊደል። ልጆቹም ያልቻሉትን ቃል በጣታቸው ይቆጥራሉ። አንድ ገጽ ላይ አምስት ጣት ከሞላ መጽሐፉ ከብዷቸዋል ማለት ነው፣ ይቀየራል።

በደቂቃ የተነበበው ቃል ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። በጣም ፈጣን የሆነ አንድ ልጅ አለኝ፣ በደቂቃው ሁሉንም ይበልጣል። አንድ ቀን "ጅቡም፣ ዛሬስ አልጠግብም አለ" የሚለውን ሲያነብ "አለ"ን አጥብቆ አነበበው፣ "እዚያ ጅብ አለ" እንደሚባለው። "ማን ነው ያለው?" ስለው "ጅብ አለ እኮ" አለኝ። ፊደሎቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። ታሪኩ ግን አልገባውም ነበር። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ ስለዚህ ልጁ እያስተዋለ ማንበብ አለማንበቡን በጆሮ ካልሰማነው ታብሌቱም ፈተናውም አያወጣውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን ወደ ረጅም መጽሐፍ አላሻገርኩትም፤ ንግግር የሚበዛባቸውን አጫጭር ተረቶች ሰጠሁት፣ ጅቡንም ቀበሮውንም እየሆነ እንዲያነብ።

ለእኔ ተከታታይ ምዘና ማለት ይሄ ነው። እኛ ግን ከ10 የሚታረም ፈተና፣ ከ10 የሚታረም የቤት ሥራ፣ ተደምሮ ማርክ ሊስት ላይ የሚሞላ አድርገነዋል። ልጁ 6 አመጣ፤ ታዲያ ነገ ምን ላስተምረው? 6 ይሄን አይነግረኝም። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ወዲያ ማዶ ያለው ዳዊት ይደግማል። የኔታ እያንዳንዱን ቀርበው ሰምተው ነው የሚያሻግሩት። ከፊደል እስከ ዳዊት በደረጃ የተሠራ ንባብ እዚሁ አገራችን ነበረ።

የይዘቱ ነገር ይለያያል። ባሕርና ባቡር የሚበዛባቸው ተረቶች ላይ ልጆቼ ይደክማሉ። የህንዱ ባጃጅ ያለበት ታሪክ ግን ወዲያው ገባቸው፣ ገበያ ቀን ደብረ ብርሃን ወርዶ ያላየ የለም። ዝንጀሮ ያለበት ስዕል ሲመጣ "ጭላዳ ነው!" "አይደለም!" እያሉ ይከራከራሉ፣ ክርክሩን አላቆመውም። ስለ በግና ስለ ገብስ የሚያወራ ተረት ቢበዛልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስለዚህ ልጆቹ የነገሩኝን ሁለት ተረት ራሴ ጽፌ ጨምሬአለሁ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ያገለገለ ታብሌት ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ከፍታችሁ አቆዩት። አንደኛው የእኔ ባትሪው እስከ እረፍት ሰዓት አይደርስም። ጠዋት በብርዱ ደግሞ ይብስበታል። ማታ ቤት ቻርጅ አድርጌ፣ ብሩህነቱን ቀንሼ፣ ከመስኮቱ ፀሐይ ዞር አድርጌ ነው የማስነብበው። ገንዘብ ከሌላችሁ ታብሌቱን ተዉትና መጽሐፎቹን አትሙ፤ አዳምጦ መጽሐፍ መቀየሩ በወረቀትም ይሠራል።

የደለደልኳቸው 60ዎቹ መጽሐፎች ፍላሽ ላይ አሉ። በአካባቢያችን የምታስተምሩ ካላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ለስብሰባ ስንገናኝ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እገለብጥላችኋለሁ። 4 ጂቢ ይበቃል።